የፈረመው ታሰረ፤ የደወለውስ?

ጎንደር ላይ የይዞታ ጉዳይ ይዞ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኃላፊው ማመልከቻው ጠርዝ ላይ የሚጽፋት መስመር ሁልጊዜ ንጹሕ ናት፦ «በመመሪያው መሠረት ታይቶ ይስተናገዱ»። ይህችን መስመር የትኛውም ፍርድ ቤት ቢያነባት ጸሐፊዋን የሚያስወቅስ ቃል አያገኝባትም። ባለሙያው ግን በእሷ ብቻ አይሠራም። ከእሷ ቀድሞ ወይም ከእሷ በኋላ ስልክ ይደወልለታል፤ «የዚያ ሰውዬ ጉዳይ ምን ደረሰ?» ይባላል። ትዕዛዙ ያ ነው።

በክልል ደረጃ ያሉ ፖለቲከኞች በሙስና ጥፋተኛ የሚባሉት ለምን ጥቂት እንደሆኑ፣ ሲባሉም ለምን የፖለቲካው ነፋስ በዞረ ሰሞን እንደሚሆን ለመረዳት ከዚህች የጠርዝ መስመር መነሣት ይሻላል። የሙስና ሕጋችን ፊርማን ተከትሎ ይሄዳል። ሥልጣን ደግሞ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር መፈረም እየተወ ይሄዳል።

ሕጉ ማንን ይይዛል?

አሁን በሥራ ላይ ያለው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ነው። ከእሱ በፊት ድንጋጌዎቹ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ ነበሩ። ሹማምንት በብዛት የሚከሰሱት በአንቀጽ 9 (በሥልጣን አላግባብ መገልገል) እና በአንቀጽ 13 (የመንግሥትን ወይም የሕዝባዊ ድርጅትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት) ነው። ምንጩ ያልታወቀ ሀብት ይዞ መገኘት በአንቀጽ 21 ያስጠይቃል። ጉቦ መቀበል በአንቀጽ 10 ተቀምጧል፤ ሆኖም ጉቦ ደረሰኝ የለውም፣ ሰጪውም በሕጉ ወንጀለኛ ስለሆነ አፉን የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ሕዝብ «ሙስና» ሲል የሚያስበው ጉቦን ሆኖ ሳለ ዐቃቤ ሕግ የሚጽፈው ክስ አብዛኛውን ጊዜ አንቀጽ 9 ነው።

የአዋጁ አንቀጽ 3 ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነገር ግን የመዝገቦችን ዕጣ የሚወስን ድንጋጌ ይዟል። የወንጀሉ ግዙፋዊ ፍሬ ነገር ከተረጋገጠ፣ ማለትም ድርጊቱ በሰነድ ከታየ፣ ተከሳሹ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ ድርጊቱ የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ወይም ለማስገኘት ታስቦ እንደተፈጸመ ይገመታል። ተመሳሳይ ግምት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 403 ላይም ነበር። ይህ ግምት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ከተቀመጠው ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ጋር እንዴት ይታረቃል የሚለው የሕግ ሰዎች የቆየ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበን ግን በተግባር ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ካርታው ላይ የፈረመው ቀያሽ ግዙፋዊ ፍሬ ነገሩ በገዛ ስሙ ተጽፏል፤ ሐሳቡ ይገመትበታል፤ ማስረዳት የእሱ ፈንታ ይሆናል። የደወለለት ሰው ጋር ግምቱ አይደርስም፤ ምክንያቱም እሱ ዘንድ የሚረጋገጥ ድርጊት የለም።

ሕግ አውጪው ይህን ሳያስበው የቀረ አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 32 ድርጊቱን በእጁ ያልፈጸመ ነገር ግን በሐሳቡም በውጤቱም ሙሉ ተካፋይ የሆነን ሰው ዋና ወንጀል አድራጊ ይለዋል። አንቀጽ 36 አነሳሹን ይቀጣል። አንቀጽ 73 የበታች ሠራተኛ በአለቃ ትዕዛዝ የፈጸመው ድርጊት ወንጀል ሲሆን አለቃው ይጠየቅበታል ይላል፤ አንቀጽ 74 ደግሞ የበታቹ ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ከተጠያቂነት እንደማያመልጥ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ሁኔታውን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት እንደሚችል ያስቀምጣል። ከአራቱ አንቀጾች ሦስቱ ለደዋዩ ተዘጋጅተዋል ማለት ነው። የጎደለው መደወሉን የሚያስረዳ ነገር ነው።

ፊርማው የሚከማችበት ቦታ

መሬትን እንይ። ለረጅም ዓመታት የተሠራበት የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት በሁለት መንገድ ይተላለፋል ይላል፤ በጨረታና በምደባ። ጨረታ ብዙ ዓይን አለበት። ምደባ ግን በካቢኔ ውሳኔ የሚሰጥ ነው፤ ለመንግሥት ቢሮ፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለሃይማኖት ተቋም፣ እንዲሁም በክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ወይም በከንቲባው እየታየ ወደ ካቢኔ ለሚመራ «ልዩ አገራዊ ፋይዳ ላለው» ፕሮጀክት። የመጨረሻው ሐረግ ስፋቱ የሚታወቀው በአፈጻጸም ነው። ፋይዳው ልዩ መሆኑን የሚመሰክረው ራሱ የሚመራው ሰው ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ቦታ በሙስና ሊከሰስበት አስቸጋሪ ነው፤ የካቢኔ ቃለ ጉባኤ አለው፣ ድምፅ ተሰጥቶበታል፣ የወንበሩ ሁሉ ፊርማ አለበት። ሁሉም የፈረመበት ወረቀት ደግሞ ማንም እንዳልፈረመበት ይቆጠራል።

በተራው ሰው ደረጃ ገንዘቡ ያለው በሦስተኛው፣ በጓሮው በር ነው፤ በነባር ይዞታና በሰነድ አልባ ይዞታ ማስተካከል። አሠራሩ ይታወቃል። ማመልከቻ ይገባል፤ ቀበሌ ነዋሪነትን ያረጋግጣል፤ ጎረቤቶች ለይዞታው ዕድሜ ይመሰክራሉ፤ ቀያሹ ወርዶ ይለካል፣ ነጥቦቹን ይይዛል፤ ኮሚቴ ያየዋል፤ ቡድን መሪው ይፈርማል፤ ካርታ ይታተማል። ቦታው አዘዞ ይሁን ማራኪ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ማጭበርበሩም ከሦስቱ በአንዱ ይገባል፦ የይዞታውን ዕድሜ ወደ ኋላ በመግፋት፣ ሲለካ ስፋቱን በማሳደግ (ጎረቤት ያለው ክፍት ቦታ በአንድ ነጥብ መንሸራተት ይዋጣል)፣ ወይም የሞተ ሰውን ፋይል አንሥቶ ለሌላ በማልበስ። ሦስቱም ከአራት ያላነሱ ፊርማዎች ይፈልጋሉ። ከአራቱ አንዱም የፖለቲከኛ አይደለም።

ግንባታ ላይ ደግሞ ጨዋታው ያለው የክፍያ ሰርተፍኬት ውስጥ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የውስጥ ለውስጥ መንገድ 6 ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር እንበል፤ ቁፋሮው 3,000 ሜትር ኩብ ነው። የጎንደር ኮረብታ ድንጋያማ ስለሆነ በሥራ ዝርዝሩ ላይ «የአፈር ቁፋሮ» እና «የዐለት ቁፋሮ» ተብለው ሁለት ዋጋዎች ይቀመጣሉ፤ የዐለቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከ3,000ው አፈር ውስጥ 1,000ው ዐለት ተብሎ ከተመዘገበ በኋላ ገረጋንቲ ይለበሳል፣ ይጠቀጠቃል፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ኦዲተር ቢመጣ የሚያየው የተጠናቀቀ መንገድ ነው፤ ከሥሩ የነበረው አፈር ይሁን ዐለት የሚናገረው የዕለቱ የልኬት መዝገብ ብቻ ይሆናል። ያን መዝገብ የፈረሙት ተቋራጩ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱና የባለቤቱ መሐንዲስ ናቸው። ቀሪው መንገድ የታወቀ ነው፤ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ መጥፋት፣ የ10 በመቶ የውል ማስከበሪያው ሰነድ ጊዜው ሲያልፍ አለማሳደስ፣ ሳይገባ የገባ ዕቃ በሞዴል 19 (በዕቃ መቀበያ ደረሰኝ) መቀበል። በዚህ የመጨረሻው ንብረት ክፍል ሠራተኛው ብቻውን ይቀራል። ክስ ሲመጣ ቀዳሚ ተከሳሽ እሱ ነው፤ ደሞዙን የሚያውቅ ሁሉ ግን ብሩን ብቻውን እንዳልበላው ያውቃል።

ጎንደሬ ዘወትር የሚያነሣው የመገጭ ግድብ ጉዳይም እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ፕሮጀክቱ የፌዴራል ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓትቷል፤ ከተማዋ ደግሞ ውኃ ትጠማለች። ሆኖም መጓተት ብቻውን ወንጀል አይሆንም። አንቀጽ 13 የሚጠይቀው ሥራውን ጎጂ በሆነ መንገድ ከመምራት በላይ ጥቅም የማግኘት ወይም የማስገኘት ሐሳብን ነው። ለሥራው የማይበቃ ሰው መሾም፣ ጥናት ሳያልቅ መጀመር፣ በጀት መበተን የፖለቲካ ጥፋቶች ናቸው፤ የሚቀጡት በምርጫ ካርድ ነው። ሁሉንም «ሙስና» ብሎ መጥራት ለእውነተኛው ሙሰኛ መደበቂያ ግርግር ይሰጠዋል።

አራቱ ዓመታት

ከፍተኛ ፖለቲከኞች በሙስና የተያዙባቸውን ዓመታት ብንደረድር አንድ ነገር ወዲያው ይታያል። የብአዴን መሪና የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ታምራት ላይኔ ከሥልጣን የተነሡት በ1989 ነው፤ በ1992 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። አቶ ስዬ አብርሃ የታሰሩት በ1993፣ ሕወሓት ለሁለት በተከፈለ በወራት ውስጥ ነው። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ የተያዙት በግንቦት 2005፣ አቶ መለስ ዜናዊ ባረፉ በዓመቱ ውስጥ ነው። አቶ በረከት ስምዖንና አቶ ታደሰ ካሳ በጥር 2011፣ ከለውጡ በኋላ ነው። የተፈጸመው ጥፋት የዚያ ዓመት አልነበረም፤ ፋይሉ የተከፈተው ግን በዚያ ዓመት ነው። ይህ ማለት ክሶቹ ሁሉ ሐሰት ናቸው ማለት አይደለም። ሰነዱ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ የሚወርደው ባለቤቱ ከጥበቃ ሲወጣ ነው ማለት ነው። ለተጠርጣሪው ውርደት፣ ለዐቃቤ ሕጉም ዕዳ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ክሱ እውነት ቢሆን እንኳ በቀል ይመስላል።

የአቶ መላኩ ጉዳይ ሌላም ትምህርት አለው። አምስት ዓመት ያህል በእስር ከቆዩ በኋላ ክሱ በ2010 ተቋረጠ፤ ጥፋተኛም ነጻም አልተባሉም። ከዚያ በኋላ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆኑ። ንጹሕ ከነበሩ አምስት ዓመት የማይመለስ ነው፤ ጥፋት ከነበረ ደግሞ ሕዝብ ሊያውቀው ይገባ ነበር። በመዝገቡ መካከል የተነሣ አንድ የሕግ ጭቅጭቅ ግን ፍሬ አፍርቷል። ባለሥልጣናት በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዳኙ የሚለው የአዋጅ ቁጥር 25/1988 ድንጋጌ የይግባኝ መብትን ያጣብባል ተብሎ ተከራከሩበት፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ2006 ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ።

ለአማራ ክልል፣ በተለይም ለጎንደር ሰው ቅርብ የሆነው የጥረት መዝገብ ነው። ጥረት በአማራ ሕዝብ ስም የተያዘ፣ በፓርቲው ሰዎች የሚመራ የድርጅቶች ጥርቅም ነበር፤ ከጎንደር የተነሣው ዳሸን ቢራ የዚህ ቤት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ተቋም የመንግሥት በጀት አይደለም፣ የግልም አይደለም። ለረጅም ጊዜ ዋና ኦዲተርም ሕዝብም በሚገባ ያላዩት በዚህ ምክንያት ነው። አዋጅ 881/2007 «ሕዝባዊ ድርጅት» የሚለውን ጨምሮ ወንጀሉን ሲያሰፋ ነው ይህ ዓይነቱ ንብረት ከሕጉ ጥላ ሥር በግልጽ የገባው። ምርመራውን የመራው የክልሉ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ ፍርዱን የሰጠው ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነበር። በግንቦት 2012 የጎንደር ተወላጁ አቶ በረከት 6 ዓመት እስራትና 10 ሺህ ብር፣ የጥረት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ታደሰ 8 ዓመት እስራትና 15 ሺህ ብር ተቀጡ።

ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ እነዚህ ሰዎች የተያዙት እንደ ድርጅት ቦርድና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የፈረሙባቸው ውሳኔዎች ስለነበሩ ነው። ፖለቲከኛ ወደ ንግድ ሲገባ ቃለ ጉባኤ ይከተለዋል፤ ቢሮው ውስጥ ሆኖ በስልክ ቢሠራ ኖሮ ይህ ወረቀት አይገኝም ነበር። ሁለተኛ፣ መቀጮው። በሚሊዮኖች ስለሚቆጠር ጉዳት በተከራከረ መዝገብ ላይ 10 ሺህ ብር! በሕጋችን መቀጮ ማለት የቅጣት ምልክት እንጂ ገንዘብ ማስመለሻ አይደለም። ማስመለሱ የራሱ መንገድ አለው፤ ንብረት ማሳገድ፣ መውረስ፣ የፍትሐ ብሔር ክስ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት ፍርደኛ ጠባዩ መልካም ከሆነ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ፈጽሞ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ ከ6 ዓመት 4 ዓመት ማለት ነው። አቶ በረከትም በ2015 ከእስር ወጡ። ጋዜጣ «ከእስር አመለጠ» ወይም «በምሕረት ተለቀቀ» ብሎ ሲያቀርበው የሰማ አንባቢ ይህን ሒሳብ ቢያውቅ አይከፋም።

ስልኩ ማስረጃ የሚሆንበት አገር

ኢሊኖይ የምትባለው የአሜሪካ ግዛት በዚህ ነገር ስሟ የታወቀ ነው። ኦቶ ከርነር፣ ዳን ዎከር፣ ጆርጅ ራያንና ሮድ ብላጎየቪች፣ አራቱም የግዛቲቱ ገዥዎች የነበሩ፣ አራቱም በወንጀል ተፈርዶባቸው የታሰሩ ናቸው። (ዎከር የተቀጡት ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በሠሩት የባንክ ወንጀል ነው።) የግዛቲቱን ምክር ቤት ለአሥርት ዓመታት በአፈ ጉባኤነት የመሩት ማይክል ማዲጋን እ.ኤ.አ. በ2025 የ7 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው። ይህን ሲሰማ ሰው «ከእኛ የባሱ ሌቦች» ሊል ይችላል። መታየት ያለበት ግን ማን እንደከሰሳቸውና በምን እንደተያዙ ነው። የከሰሷቸው የግዛቲቱ ዐቃብያነ ሕግ አይደሉም፤ የፌዴራል ናቸው። ደሞዛቸውንም ሹመታቸውንም ገዥው አይነካውም። ብላጎየቪች የተያዙት እ.ኤ.አ. በ2008 በፍርድ ቤት ፈቃድ በተጠለፈ ስልካቸው ነው፤ ባዶ የነበረ የሴናተር ወንበር ለመሸጥ ሲደራደሩ ድምፃቸው ተቀዳ። 14 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቅጣቱን አሳጠሩላቸው፣ ቀጥሎም ምሕረት ሰጧቸው፤ እዚያም ፖለቲካ ከበሩ ገብቶ በመስኮት ይወጣል።

ናይጄሪያ ሌላ ዓይነት ናት። ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 308 ገዥ በሥልጣን ላይ እያለ አይከሰስም ይላል። ስለዚህ መርማሪው ሁለት የሥራ ዘመን፣ ማለትም ስምንት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ሰነድ ይጠፋል፣ ምስክር ይሞታል፣ ገንዘብ ባሕር ይሻገራል። የዴልታ ግዛት ገዥ የነበሩት ጄምስ ኢቦሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው አገራቸው፣ አሳባ ላይ ከ170 ክሶች ነጻ ወጡ። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ጥፋታቸውን አምነው 13 ዓመት ተፈረደባቸው።

ወደ እኛ ስንመለስ የክልል ምክር ቤት አባል ያለመከሰስ ጥበቃ አለው፤ የፌዴራሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ያለ ነው፣ በ1994 የተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም የራሱን ይዟል። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ምክር ቤቱ ካልፈቀደ አይያዝም። ጥበቃው ግን እንደ ናይጄሪያው ግድግዳ አልሆነም፤ እንዲያውም የሚያፈስ ጣሪያ ነው። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመራጭ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ሲታሰሩ አላዳናቸውም። ያ ጉዳይ የሙስና አልነበረም፤ የኦዲት ግኝት ላይ ሚኒስትሮችን ሲያፋጥጥ የነበረው ሰው ግን እሳቸው ነበሩ።

ከኢሊኖይ ጋር ዋናው ልዩነታችን ሌላ ነው። የክልል ሹም የሚመረመረው በክልሉ መርማሪዎች፣ የሚከሰሰው በክልሉ ፍትሕ ቢሮ፣ የሚዳኘው በክልሉ ፍርድ ቤት ነው። የቢሮው ኃላፊ ከተጠርጣሪው ጋር አንድ ካቢኔ ውስጥ ይቀመጣል። በ1997 የወጣው የፌዴራል ፀረ ሙስና ኮሚሽን አዋጅ ቁጥር 433 ከፌዴራል ለክልል ከሚሰጥ ድጎማ ጋር በተያያዘ ለሚፈጸም ሙስና በር ትቶ ነበር። የክልሎች በጀት በአብዛኛው ድጎማ በመሆኑ በሩ ሰፊ ነበር፤ በሰፊው አልተገባበትም። በ2008 የምርመራና የክስ ሥልጣኑ ከኮሚሽኑ ተነሥቶ ወደ ፖሊስና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲዞር ኮሚሽኑ አስተማሪ ሆኖ ቀረ።

አንድ ፋይል እንዴት ይሞታል?

ጥቆማ ይገባል። ጥሩ ጥቆማ «እገሌ ሌባ ነው» አይልም፤ የፋይል ቁጥር፣ የቦታውን አድራሻና ስፋት፣ ካርታው የወጣበትን ቀን፣ የፈረሙትን ሰዎች፣ የዋናው ሰነድ ቅጂ የት እንዳለ ይጽፋል። የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ምርመራ መጀመሩ በተሰማ ማግስት የሚጠፋው ፋይሉ ስለሆነ ልምድ ያለው መርማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው መዝገብ ቤቱን ማሸግ ነው፤ ቃል መቀበል ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጠቋሚውን የሚጠብቅ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። በትንሽ ከተማ ግን ፋይሉን ማየት የሚችሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ከሆኑ ጠቋሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ አዋጅ መጣስ አያስፈልግም።

ተጠርጣሪው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ፖሊስ የ14 ቀን ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ደግሞ ይጠይቃል። ክሱ ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ አንቀጽ ከቀረበ በፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ዋስትና አይፈቀድም። ዐቃብያነ ሕግ ከፍ ያለውን አንቀጽ የሚመርጡት አንዳንዴ ለዚህ ሲሉ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት በኋላ፣ ማስረጃው ለከባዱ አንቀጽ ሳይበቃ ሲቀር ነው። ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ፍርድ ቤቱ ወይ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ያሰናብታል ወይ በ142 «ተከላከል» ይላል። ብዙ ሰው «ተከላከሉ ተባሉ» ሲባል የተፈረደባቸው ይመስለዋል። አልተፈረደባቸውም፤ የቀረበው ማስረጃ ካልተስተባበለ ሊያስቀጣ ይችላል ማለት ብቻ ነው። ተጠርጣሪ፣ ተከሳሽ፣ ፍርደኛ፤ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መዝገቦች በብዛት የሚደክሙት በጉዳት መጠን ላይ ነው። የተሰጠው መሬት ስንት ብር ያወጣል? በሊዝ መነሻ ዋጋ ይሰላ ወይስ በአቅራቢያው ጨረታ? የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 የሙስናን ክብደት ከሚመዝንባቸው ነገሮች አንዱ የተገኘው ጥቅም ወይም የደረሰው ጉዳት ስለሆነ ቁጥሩ ካልቆመ ቅጣቱም አይቆምም። ኦዲተሩ ለምስክርነት ሲጠራ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዷል፤ አዲሱ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ከሀ ይጀምራል።

የደዋዩስ ነገር? በልዩ ሥነ ሥርዓቱ ሕግ ለሙስና ምርመራ ስልክ መጥለፍ ይፈቀዳል፤ ጠለፋ ግን የሚጠቅመው ወንጀሉ እየተፈጸመ ሳለ ነው። እኛ ዘንድ ምርመራ የሚጀመረው ካርታው ከወጣ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚገኘው የጥሪ ዝርዝር ነው፤ ማን ለማን በስንት ሰዓት ደወለ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ። ምን እንደተባለ አይናገርም። ቢሆንም ባዶ አይደለም። ለወራት ተኝቶ የነበረ ፋይል ከሁለት ደቂቃ ጥሪ በኋላ በዚያው ቀን ካርታ ከሆነ፣ ተጠቃሚው የደዋዩ ዘመድ ወይም ሸሪክ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ፋይሎች ላይም ከተደገመ የአካባቢ ማስረጃው ሰንሰለት ይሠራል።

ሌላም የተዘነጋ ወረቀት አለ። ፖለቲከኛው ካርታ ላይ አይፈርም፤ የዝውውር ደብዳቤ ላይ ግን ይፈርማል ወይም ያስፈርማል። «አላደርግም» ያለ ባለሙያ በሳምንቱ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ በቦታው የመጣው በወሩ ይፈርማል። የሠራተኛ አስተዳደር ፋይል ከመሬት ፋይል ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ቢነበብ የትዕዛዙ ቅርጽ ይወጣል። በሙስና ምርመራ ሰው የሚፈትሸው ግን የመሬቱን መደርደሪያ ነው።

ለባለሙያው የሚረዳው ቀላል ነገር ነው። የቃል ትዕዛዝ ሲመጣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያዘዘውን ሰው ሥልጣንና የታዘዘውን ነገር በማስታወሻ ጽፎ ፋይሉ ውስጥ ማያያዝ፣ ቅጂውን በመዝገብ ቤት ቁጥር ማስወጣት፣ ለአለቃው «በስልክ በሰጡኝ መመሪያ መሠረት» ብሎ በደብዳቤ ማረጋገጫ መጠየቅ። ብዙ ደዋይ እዚህ ላይ ይተወዋል። ካልተወው ደግሞ አንቀጽ 73 የሚያርፍበት ወረቀት ተገኘ።

ፓርቲዎች የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸው፤ ግምገማ ይባላል። እዚያ የሚነገረው ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ በስም ይጠራል፣ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። ውሳኔውም «ከኃላፊነት ተነሥቶ በሌላ ቦታ ይመደብ» ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ዐቃቤ ሕግ ዘንድ አይደርስም፤ ሰውዬው ሌላ ዞን ይሾማል።

ከፍርድ በኋላ

ጥፋተኛ የተባለ ፖለቲከኛ ተመልሶ መመረጥ ይችላል? ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የምርጫ ሕግ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበትን ከተፈታ በኋላ ለ6 ዓመት ያግዳል፤ የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ጃያላሊታ በ2014 ወንበራቸውን ያጡት በዚህ ነው፤ ይግባኙ ሲሳካላቸው ተመልሰዋል። እኛ ዘንድ ጥፋተኛ መባል ብቻውን አያግድም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት ፍርድ ቤቱ የመምረጥና የመመረጥ መብትን ለይቶ መሻር አለበት። የምርጫ አዋጁ ቁጥር 1162/2011ም የሚጠይቀው መብቱ በሕግ ያልተገደበ ዕጩን ነው። ስለዚህ የቅጣት ውሳኔው ሲነበብ ከእስራቱ ዓመት ቀጥሎ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ዘጋቢ ዓመቱን ይዞ ይወጣል።

መሬቱስ? ፍርዱ እስኪደርስ ቦታው ሁለት ሦስት ጊዜ ተሽጧል፤ የመጨረሻው ገዥ ባንክ አስይዞታል፣ ፎቅ ጀምሮበታል። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ወደ ኋላ ሄዶ ምንጩ ያልታወቀ ሀብትን የሚነካ በመሆኑ ብዙ ተብሎለታል፤ በቅን ልቦና የገዛ ሰው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ያጥራል። የሚቀረው ካርታውን ማምከን ነው። ለዚያ ደግሞ ቢሮው ደብዳቤ ማውጣት አለበት፤ ደብዳቤው ተረቅቆ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ በፊርማው ምክንያት እስር ቤት መሆኑን የሚያውቀው አዲሱ ባለሙያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ከላይ መመሪያ እስኪመጣ ይጠብቃል። መመሪያው ሲመጣ በስልክ ነው።